ከሃዋኒ ጋር ማን ይግባ

የፋሲካ ዕለት ተሬፋ ቤት እንግዳ ሞልቶ ነበር። ምሳ ተበልቶ ወሬው ወደሚመጣው ምርጫ ሲዞር ተሬፋ እየሳቀ፣ «እኔማ ሁለት ድምፅ ነው ያለኝ፤ አንዱ የራሴ፣ አንዱ የሃዋኒ» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። ሃዋኒም ሰው ሁሉ ሲስቅ ብቻዋን መኮሳተሩ ከብዷት ፈገግ አለች፤ ያነሳችውን ጉርሻ ግን ሳትጎርሰው መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።

ሃዋኒ የተሬፋ ታናሽ እህት ናት። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለች የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ መጀመሪያ ጥግ ጥጉን ጋረደባት፣ ከዚያ መሐሉንም ወሰደው። ይኸው አሁን አርባን ተሻግራለች። አምቦ ውስጥ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ፣ እናቷ በተወችላት ቤት ብቻዋን እየኖረች በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ለሰው ታስረክባለች። ተሬፋ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ዓይኗ ከጠፋ ጀምሮ ወፍጮ ቤት የሚወስዳት፣ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳት፣ ምርጫ ሲመጣም ክንዷን ይዞ የሚገባው እሱ ነው። ክፉ ወንድም ነው የሚል ሰው አምቦ ውስጥ አይገኝም፤ ሃዋኒም እንዲህ ብላ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ሲሸኛት ጥቂት መንገድ ሄዱ። አስፋልቱን ተሻግረው የባጃጆቹ ጩኸት ወደ ኋላ ሲቀር ጠየቀችው።

«ያኔ፣ በሁለት ሺህ ሰባቱ ምርጫ፣ የተወዳደረውን መምህር አድርግልኝ ብዬህ ነበር። አደረግክልኝ?»

የተሬፋ ክንድ ከእጇ ሥር ጠንከር አለ፤ ሃዋኒ መልሱን የሰማችው ከዚያ ነው። ቆይቶ አፉን ሲከፍት ያወራው ስለ ዘመኑ ነበር። መምህሩ እንደማያሸንፍ ማንም ያውቅ ነበር አለ። ስንት ሰው ለተቃዋሚ እንዳደረገ ይቆጠራል፣ ማን እንደሆነም ይጠረጠራል፤ እሷ ደግሞ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፣ ቤቷም በቀበሌ እጅ ያለ ጉዳይ ነበረው። ስለዚህ በራሱም በእሷም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አደረገ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ። «ደግሞ ምን ለወጠ?»

በሩ ላይ ሲደርሱ ሃዋኒ እንደ ወትሮው አመስግናው ገባች፤ ከገባች በኋላ ግን መቀመጥ አቃታት። ከምርጫው በኋላ በመጡት ዓመታት፣ ከተማው ሲታወክ፣ የሚቃጠል ጎማ ጭስ በመስኮት ሲገባና የጎረቤት ልጅ ተይዞ ሲሄድ እናቱ ስታለቅስ ስትሰማ፣ ሃዋኒ ራሷን የምታጽናናው በአንድ ነገር ነበር፦ እኔ እንኳ ያኔ በድምፄ እምቢ ብያለሁ። ለሰውም ተናግራዋለች፤ ጸሎት ቤት ውስጥ ሴቶቹ ፊት ኮራ ብላ ተናግራዋለች። አሁን ያ ሁሉ ውሸት ሆነ፣ ውሸታሟም እሷ ሆነች። ይህን ስታስብ ትነሳለች፣ ግድግዳውን እየዳበሰች እስከ በሩ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።

ቀኖቹ እንዲሁ አለፉ። በርበሬ ስታምስ ሐሳቧ ሄዶ አሳረረችው። ሰው ሲያናግራት ጥያቄውን ሁለቴ ታስደግማለች። አልመርጥም ብላ ወሰነች፤ በማግስቱ ደግሞ የምርጫ ካርዷን ከሳጥን አውጥታ ዳበሰችው።

በግንቦት መጨረሻ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ነበርና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሄደች። አስረጂዋ ወጣት ሴት ስለ ካርድና ስለ ሰልፍ ስታወራ ቆይታ፣ ማየት የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል አለች። ምርጫ አስፈፃሚ ምልክት ሊያደርግለት አይችልም፣ ታዛቢም አይችልም፤ ዘመድ ይሁን የሚልም የለም። ሃዋኒ እጇን አውጥታ፣ ማንንም? ስትል ጠየቀች። ማንንም፣ ብቻ ለመምረጥ ዕድሜው የደረሰ ይሁን፣ አለች ልጅቱ።

በዚያው ስብሰባ ለሜሳ የሚባል የግል ተወዳዳሪ ንግግር አደረገ። የጤና መኮንን ነበር፤ የምርጫ ምልክቱ መሰላል ነው። አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ውኃ መቼ እንደሚገባላቸው ጠየቁት፤ ለሜሳ አላውቅም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። በሳምንቱ ግን ተመልሶ መጥቶ፣ መስመሩ ገና ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ ነገራቸው። ደስ የሚል ዜና አልነበረም፤ ሃዋኒ ግን የዚያን ቀን የምትመርጠውን ሰው አገኘች። የቀራት አብሯት የሚገባው ነው።

ተሬፋ አይሆንም። ታዲያ ማን? የተሬፋ ልጅ ጣቢታ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አክስቷን ትወዳለች፣ አባቷን ግን ትፈራለች። ኦቦ ፉፋ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ጉዴ ወዳጇ ናት፤ ሽሮውን ወስዳ የምትሸጥላት እሷ ናት። ሦስቱም ደግ ሰዎች ናቸው። ተሬፋም ደግ ነው፤ ያስጨነቃት ይኸው ደግነት ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ሹራቧን ሆን ብላ ገልብጣ ለበሰች። ስፌቱ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ከአንገቷ ኋላ የፋብሪካው ምልክት ያለበት ጨርቅ ተንጠልጥሎ ጸሎት ቤት ሄደች። ኦቦ ፉፋ በር ላይ እጇን ይዘው ዛሬ እንዴት አምሮብሻል አሏት። ጣቢታን ልብሴ እንዴት ነው ብላ ጠየቀቻት፤ ልጅቱም፣ ቆንጆ ነው አክስቴ አለች። ጉዴ አቅፋ ስትስማት ጣቷ ስፌቱ ላይ ሲያርፍ፣ ከዚያ ቶሎ ሲነሳ ለሃዋኒ ተሰማት። ጉዴም ምንም አላለችም።

ልቧ ቅዝቅዝ ብሎ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ የግቢዋን በር ገና ሳትከፍት ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«ሹራብሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው። እንዲህ ሆነሽ ነው ከተማውን ስትዞሪ ያረፈድሽው?»

እትዬ ሮማነወርቅ ነበሩ። በዕድሜ ሃዋኒን ይበልጧታል፤ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ጎመን ይሸጣሉ። ሁለቱ ሴቶች ከተኳረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። የሃዋኒ በርበሬ ሲታመስ ጭሱ እሳቸው ቤት ገብቶ ያስላቸዋል፤ የእሳቸው ግቢ ጎርፍ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር በሃዋኒ ደጅ ያልፋል። በዚህ የተነሳ ቀበሌ ድረስ ሄደው ተካሰዋል። እንዲህ አንድ ነገር ሲያዩ በአጥር ላይ ከመወርወር በቀር ደህና አደርሽ እንኳ አይባባሉም።

የሃዋኒ ቂም ግን ከጭሱና ከጎርፉ በፊት የነበረ ነው። ዓይኗ እየደከመ ሳለ ሐኪሙም፣ ተሬፋም፣ እናቷም ይሻልሻል ይሏት ነበር፤ ጠበሉም ጸሎቱም ተሞክሮ፣ ትንሽ ታገሺ ይሏት ነበር። እትዬ ሮማነወርቅ አንድ ቀን ደጅ ላይ አገኟትና፣ ዓይንሽ አይመለስም፣ እኔ አክስቴን አይቻለሁ፤ ይልቅ ገና ጥቂት እያየሽ ቤትሽን ሸምድጂው፣ ዱላም አሠሪ አሏት። ሃዋኒ ያን ቀን እያለቀሰች ገባች። ለዓመታት ጠላቻቸው። ቤቷን ግን ሸምድዳዋለች።

በሩን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ሹራቧን እዚያው አውልቃ፣ አስተካክላ ለበሰችና በአጥሩ ዞራ የእትዬ ሮማነወርቅን በር አንኳኳች።

በምርጫው ቀን አብረዋት እንዲገቡ ስትጠይቃቸው አሮጊቷ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፤ መቀንጠሱን አላቋረጡም። ወንድም እያለሽ፣ አሉ መጀመሪያ። ሃዋኒ ወንድሟ ያደረገውን ነገረቻቸው። ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገር እኚህ ሴት ፊት ስትዘረግፈው ለራሷም ገረማት።

«ነገ ተሬፋ በእኔ ላይ ይነሳል» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ።

«ሊነሳ ይችላል።»

«ደግሞ የምትመርጪውን ሰው እኔ ባልወደውስ?»

«አልወደውም ይሉኛል። ከዚያ ያልኩትን ምልክት ያደርጉልኛል። ሌላ ሰው ዘንድ ያላገኘሁት እሱን ነው» አለች ሃዋኒ።

የጎመኑ ቅጠል ቀጭ ቀጭ ማለቱን ቀጠለ። እትዬ ሮማነወርቅ እሺም እምቢም አላሉም፤ ስትወጣ ደረጃው ተሰብሯል፣ ተጠንቀቂ ብቻ አሏት።

ከዚያ እስከ ምርጫው ቀን ሃዋኒ ዕረፍት አልነበራትም። እንደገና ሄዳ እንዳትጠይቅ ኩራቷ ያዛት። ከአጥሩ ማዶ ሳል በሰማች ቁጥር ሥራዋን አቁማ ጆሮዋን ትሰጣለች። ለተሬፋም መንገር ነበረባት፤ ዛሬ እነግረዋለሁ ትላለች፣ ሲመጣ ግን ያመጣላትን ጨው ተቀብላ ትሸኘዋለች።

የሰኔ ዝናብ ገና ከንጋቱ ጀምሮ ነበር። ተሬፋ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ተነሺ፣ ሰልፉ ሳይረዝም እንድረስ አላት። ሃዋኒ የቤቷን በር ስትቆልፍ ወደ እትዬ ሮማነወርቅ ግቢ ጆሮዋን ጣለች፤ ከጣሪያው ከሚወርደው ውኃ በቀር የሚሰማ አልነበረም። መንገዱን ሁሉ አሁን እነግረዋለሁ እያለች፣ ሳትነግረው ደረሱ።

የምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሰልፉ ከክፍሉ በር አልፎ በዝናብ ውስጥ ይጠማዘዛል። የሃዋኒን ዱላ ያዩ ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸውና በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው አለፉ። አመዩ የሚባል ወጣት አስፈፃሚ ካርዷን ተቀብሎ አመሳከረ። አፉ በኮሮና ማስክ ስለተሸፈነ ድምፁ እንደ ታፈነ ነበር።

«ረዳትዎ ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ተሬፋ።

«አይደለም» አለች ሃዋኒ።

ተሬፋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ፣ በዝግታ፣ ሰው እየሰማ ነው አላት። ሃዋኒም በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ዝግታ መለሰችለት።

«አንተ የራስህን ምረጥ፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ። የእኔን ሌላ ሰው ይይዝልኛል።»

«ማን?»

እዚህ ላይ ሃዋኒ የምትጠራው ሰው አልነበራትም። ገና ይመጣሉ፣ እጠብቃለሁ አለች። ከታዛቢዎቹ አንዱ፣ ለምን ይጓተታል፣ አስፈፃሚው ያድርግላት አለ፤ ሌላው ተቃወመ። አመዩ ደንቡ አይፈቅድም ብሎ ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው። ከሰልፉ አንዲት ሴት እኔ ልግባላት አለች። ሃዋኒ አመሰገነቻትና አልተቀበለችም። ተሬፋ ክንዷን ለቀቀ። እንዴት እንደ ለቀቀው አስታውሳ ብዙ ቀን ታስብ ነበር፤ አልገፋትም፣ አልወረወረውም፤ ልክ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

አመዩ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ተሬፋ ምልክቱን አድርጎ ሲወጣ ጫማውን ለየችው፤ በአጠገቧ አለፈ እንጂ አልቆመም።

ሃዋኒ ተቀመጠች። የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናቡ ይጮሃል፤ በዚያ ላይ ሁሉም በማስክ ስለሚያወራ ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ መለየት ቸገራት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። ሰው ወንድሟን አሳፈረችው እያለ የሚንሾካሾክባት መሰላት፤ ምናልባትም ይንሾካሾክ ነበር። ባይመጡስ? እሺ መቼ አሉ? ሳታውቅ ቀርታ እንጂ እምቢ ማለታቸው ነበር ይሆናል። ተሬፋ ግቢው ውስጥ ካለ ልጥራው አለች በሆዷ፤ ይምጣ፣ ያድርግልኝ፣ ዛሬ እንኳ አይዋሸኝም። ስሙን አፏ ላይ አድርሳ ሳለ ነው ከፊቷ ያ ጎርናና ድምፅ የመጣው።

«እዚህ ምን አስቀመጠሽ?»

«እርስዎን እየጠበቅኩ ነው።»

«እመጣለሁ አልኩሽ እንዴ?»

«አላሉኝም።»

እትዬ ሮማነወርቅ ውኃ የጠጣ ነጠላቸውን ሲጨምቁ ተሰማ። መቼም ዝናቡ ቢያባራ ብዬ እኮ ነው ያረፈድኩት፣ ሞኝ ነሽ አሏት። ቀጥለው ክንዷን ሳይሆን የእጅጌዋን ጫፍ ይዘው ብድግ አደረጓት።

ድምፅ መስጫው በካርቶን የተከለለ የተማሪ ዴስክ ነበር። እትዬ ሮማነወርቅ የተወካዮች ምክር ቤቱን ወረቀት ዘርግተው ከላይ እስከ ታች ያሉትን ምልክቶችና ስሞች በሹክሹክታ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ነገሯት። ሃዋኒ መሰላሉን አለች።

«ለሜሳ? ያ ኮስታራ? ጤና ጣቢያ ሳለ አንድ ቀን ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። አልወደውም።»

«እሺ። መሰላሉን ያድርጉልኝ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሁለት ጊዜ ሲሄድ ሰማች። ከዚያ አሮጊቷ ጣቷን ይዘው፣ ይኸው እዚህ ነው፣ ከላይ ስትቆጥሪ ይህን ያህል ይርቃል ብለው አሳዩዋት። በሻካራው ጣታቸው ሥር የእሷ ጣት ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆየ።

ሁለተኛው ወረቀት የክልል ምክር ቤቱ ነበር። እትዬ ሮማነወርቅ ስሞቹን አነበቡላት። ሃዋኒ ከፋሲካ ጀምሮ ስትብሰለሰል የከረመችው አብሯት ስለሚገባው ሰውና ስለዚያ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ካሉት ውስጥ አንዱንም አታውቅም። ሰልፉ ከኋላ እየጠበቀ ነው።

«እርስዎ ማንን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀች።

«አልነግርሽም።»

«እንግዲያው እርስዎ የመሰለዎትን ያድርጉልኝ።»

«እሱንስ ተሬፋ ያደርግልሽ የለም?» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «በእኔ እጅ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ልድገምልሽ?»

ደገሙላት። ሃዋኒ ሁለተኛም ሰማች፤ ከስሞቹ አንዱም ሰው ሆኖ አልታያት አለ። ባዶውን አጥፈው ይስጡኝ አለች በመጨረሻ። አሮጊቷ አጥፈው ሰጧት። ሁለቱንም ወረቀት በራሷ እጅ፣ የሳጥኖቹን አፍ ዳብሳ አገባች። አመዩ ጥፍሯን ቀለም ሲቀባላት ቀለሙ በጣም ቀዘቀዛት።

እትዬ ሮማነወርቅ የራሳቸውን መርጠው፣ እሳት ላይ የጣድኩት ነገር አለ ብለው ቀድመዋት ሄዱ። ሃዋኒ በዱላዋ እየመታች እስከ ትምህርት ቤቱ በር ወጣች። ዝናቡ ድንገት ከጭንቅላቷ ላይ ተቋረጠ፤ ጃንጥላ ነው። ተሬፋ እስካሁን እዚያው ቆሞ ነበር።

እስከ ድልድዩ አብረው ሄዱ። ድልድዩ ላይ ሁሉቃ ደፍርሶ ይጮህ ነበር፤ ተሬፋ በዚያ ጩኸት መሐል ተናገረ።

«ከጎረቤት ሁሉ እሷን? በጭስና በጎርፍ የምትካሰሺያትን?»

«እሳቸው እንደማይዋሹኝ ስለማውቅ ነው።»

«እኔ ዓይንሽ ነበርኩ፣ ኦቦሌቲ፣ እህቴ።»

«ነበርክ» አለች ሃዋኒ። «ያየኸውን ብትነግረኝ ኖሮ ዛሬም አንተን ነበር የምይዘው።»

ቤቷ አድርሷት ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። ወፍጮ ቤት የምትሄድበት ቀን ደረሰና ሃዋኒ ብትጠብቅ ሰው ስታጣ፣ የሰፈር ባጃጅ ጠርታ በርበሬዋን ጭና ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ ቦይ ውስጥ ገብታ ጉልበቷ ተላጠ። እትዬ ሮማነወርቅ ከአጥሩ ማዶ ደም እየፈሰሰሽ ነው አሏት እንጂ መጥተው አልጠረጉላትም። የእሳቸው ጎርፍ አሁንም በደጇ ያልፋል፤ የእሷም ጭስ አሁንም ያስላቸዋል። ሃዋኒ አንዳንዴ ድካሙ ሲበረታባት ምን አተረፍኩ ትላለች። ያ ባዶ ወረቀትም ትዝ ይላታል፤ አንድ ቀን ትክክል ሠራሁ፣ ሌላ ቀን ሰነፍኩ ትላለች፤ አልቆረጠላትም።

ሐምሌ ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ተሬፋ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲጠርግ ቆየ። ግባ አለችው፤ ገባ እንጂ አልተቀመጠም። ለሜሳ መሸነፉን ሰምታ እንደሆነ ጠየቃት። በሬዲዮ ሰምታለች።

«በእኛ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ሰው ነው የመረጠው» አለ ተሬፋ። «በማግስቱ በሩ ላይ ተለጥፎ አየሁት። ያሸነፈውን ግን ብዙ መቶ ሰው። ስንት ሰው መረጠው ብትዪኝ ኖሮ፣ ድሮ ቢሆን ለማሸነፍ ጥቂት ቀረው ነበር የምልሽ።»

ሃዋኒ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ወደ እሱ ገፋችለት። ተሬፋ ተቀመጠ። ሐሙስ ወፍጮ ቤት ልውሰድሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ድምፁ የእንግዳ ድምፅ ነበር። ሃዋኒ ባጃጁን፣ ቦዩንና የተላጠውን ጉልበቷን አሰበች።

«ወፍጮ ቤት እኔ እሄዳለሁ» አለችው። «አንተ ምሳ ሰዓት ላይ ና። ሽሮው ጨው ከበዛበት በዝቷል በለኝ።»